የሚዋሸው ሽቦ

የቧንቧ ሠራተኛው ጋሽ ጌጅ የደረት ኪሱ ውስጥ ይዟት የሚዞር፣ ጌጅ የምትባል አንዲት ክብ መሣሪያ አለችው። መስታወቷ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ቀስቷ ግን ዛሬም ልክ ናት። የትኛውም ፎቅ ቧንቧ ላይ ይገጥማትና ውሃው ምን ያህል እንደሚገፋ ያነብባል። ቅጽል ስሙን ያወጣችለትም እሷው ናት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ግፊት ሲለካ ኖሯል፤ ሲበዛ ቀንሷል፣ ሲያንስ ጨምሯል። የራሱን የደም ግፊት ለክተው ሲነግሩት ግን፣ "እስቲ መጀመሪያ ማሽናችሁን አስፈትሹት" ብሎ ኮቱን አንስቶ የሚወጣ ሰው ነው። በሱ ለመሳቅ አትቸኩሉ። እኛም ብንሆን የጎረቤታችን ሳል ያሳስበናል እንጂ የራሳችንን "ብርድ ነው" ብለን እናልፈዋለን።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ዘበኛ ደወለለት። "ጋሼ ይድረሱልን፣ ፎቁ ሊሰምጥ ነው!"

ደርሶ ሲያይ ውሃው ከጣሪያ ተነስቶ በደረጃው እየተንዠቀዠቀ ይወርዳል። ዘበኛው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በመጥረጊያ ይገፋዋል። ሕንፃው ሥር ያለው ፓምፕ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያርፍ ይጮኻል። ከዚህ በፊት የመጡት ሠራተኞች ፓምፑን አውልቀው ሌላ ተክለዋል፤ ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሆነ። ጋሽ ጌጅ ጣሪያ ላይ ወጣ። ታንከሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን የምታስቆመው ተንሳፋፊ ኳስም በቦታዋ አለች። ከታንከሩ ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ሽቦ በእጁ እየዳበሰ ፎቅ በፎቅ ወረደ። ሁለተኛው ፎቅ ጋ ሲደርስ የሽቦው ልባስ በስብሶ፣ ሁለቱ የመዳብ ክሮች ረጥበውና ተጣብቀው አገኛቸው።

"ፓምፑ ምን አጠፋ?" አለው ዘበኛውን። "የሚዋሸው ሽቦው ነው። ታንከሩ ሞልቶ እየፈሰሰ እሱ 'ባዶ ነው፣ ባዶ ነው፣ ጨምር!' ይላል። ፓምፑ ምስኪን ደግሞ የታዘዘውን ይሠራል። እንኳን ሁለት፣ መቶ ፓምፕ ብትቀይሩ ያው ነው።"

ሽቦውን በፒንሳ ቆረጠው። ፓምፑ አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ። ይህችን የጋሽ ጌጅን ንግግር ያዙልኝ፤ በኋላ እሱው ላይ ትመለስበታለች።

የቀረው የዋናውን መስመር ግፊት መለካት ነበር። ዋናው ቫልቭ ያለው ምድር ላይ ካሉት ተከራዮች ቤት ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ እንደሆነ ዘበኛው ነገረው። ሄዶ አንኳኳ። በሩን የከፈተችው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት። አየችው፤ አየችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ጋሼ! እርስዎ ነዎት? ኧረ ጉድ! ምን ንፋስ አመጣዎት?"

ጋሽ ጌጅም ወዲያው አወቃት። የጥሩምባው ልጅ ናት። ጥሩምባው ማለት ሃያ ሁለት ዓመት አብሮት የሠራ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ከጣሪያ ሲጮህ ምድር ቤት ድረስ ስለሚሰማ ነው እንዲህ የተባለው። ጥሩምባው ከላይ፣ ጋሽ ጌጅ ከታች ሆነው ይሠሩ ነበር። አንድ ሕግም ነበራቸው። ከላይ "ዝጋው!" ከተባለ፣ ከታች ያለው ቃሉን መልሶ "ዝጋው!" ሳይል ቫልቭ መንካት አይችልም። አንድ ጊዜ ሳይሰማሙ ቀርተው የሰው ሳሎን ካጥለቀለቁ ወዲህ ያወጡት ሕግ ነው። ታዲያ ከአራት ዓመት በፊት ጥሩምባው በስትሮክ ወደቀ። ጋሽ ጌጅ ሁለቴ ሄዶ ጠየቀው፤ ከዚያ በኋላ እግሩ ቀረ። ቤተሰቡ ለዊልቸር ይመቸናል ብለው ምድር ላይ ያለ ቤት መከራየታቸውንም አልሰማም። ላለመስማት ብዙ ደክሟል ማለት ይቀላል።

"አባባ፣ ማን እንደመጣ እይ!" አለች ልጅቷ።

ጥሩምባው መስኮቱ ሥር ዊልቸሩ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። ጋሽ ጌጅን ሲያይ ግማሽ ፊቱ ፈገግ አለና፣ "ዝጋው!" አለ።

ስትሮኩ ከቃላቱ ሁሉ የተወለት ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ነው። ሲርበውም "ዝጋው"፣ ሲደሰትም "ዝጋው"፣ ልጁ ስትገባም ስትወጣም "ዝጋው" ነው። ጆሮው ግን ሁሉንም ይሰማል፤ ልቡም ሁሉንም ያውቃል። ጋሽ ጌጅ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ሳመው።

"ሥራ... ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ፣ ሥራው አላፈናፍን አለኝ" አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ልጅቷ በሆስፒታል የልብ ክፍል ነርስ ናት፤ ያን ቀን ተረኛ አልነበረችም። ሻይ ካልጠጡ አይሄዱም ብላ አስቀመጠችው። እሱም እጁን አጣጥፎ መቀመጡ አሳፍሮት፣ "የወጥ ቤታችሁ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ይሰማኛል፣ በቴፍሎን ፕላስተር ልጠቅልለው" ብሎ የመሣሪያ ሳጥኑን ከፈተ። ነርሷ ሳጥኑ ውስጥ ባየችው ነገር ሳቋ አመለጣት። ብሎንና ጎሚኒ በየዓይነቱ በሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ፣ በአምስቱ ጉድጓድ አምስት ዓይነት ክኒን ተደርድሯል።

"ይሄ የስንት ቁጥር ብሎን ነው ጋሼ?"

"ተይኝ እስቲ። እንዳልረሳው ብዬ ነው።"

ቴፍሎኑን ሲያወጣ የተጠቀለለበት ወረቀት ተፈታና መሬት ላይ ወደቀ። ነርሷ አንስታ ልትሰጠው ስትል ማህተሙን አየች።

"ይሄ እኮ የኛ ክፍል ማህተም ነው! ለኩላሊት ነርቭ ማቃጠሉ ሕክምና ቀጠሮዎ ሐሙስ ነው እንዴ? እንኳን ደስ ያለዎት! ይሄን ተራ ሰው ስንት ወር ነው የሚጠብቀው።"

"ለሌላ ስጡት" አለ ጋሽ ጌጅ ከማጠቢያው ሥር ሆኖ። "እኔ አልሄድም።"

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ተጀመረ። ነርሷ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ ጋሽ ጌጅም እጁን እየጠረገ ወጣ። ጥሩምባው አንዴ ወደ ልጁ፣ አንዴ ወደ ጓደኛው እያየ ያዳምጣል።

"ለምን አልሄድም ይላሉ? በቅንነት ይንገሩኝ።"

"በቅንነት ልንገርሽ። ደም ብዛት አለብህ አሉኝ፤ እሺ። ደም ከበዛ ይቀነሳላ! ነርቭ ማቃጠል ምን አመጣው? እኔማ ራሴው ልገላገል ብዬ ደም ልለግስ ሄጄ ነበር። ግፊቴን ለኩና 'አባባ፣ እርስዎ ሰጪ ሳይሆኑ ታካሚ ነዎት' ብለው መለሱኝ። ሰው ደም አጥቶ ሲሞት እኔ በዝቶብኝ ልሞት!"

ነርሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጥሩምባውም ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ግን እውነት ለመናገር ጥፋቱ የጋሽ ጌጅ ብቻ አይደለም፤ የቃሉም ነው። ደም ብዛት ያልነው እኛ ነን። ስሙን የሰማ ሰው ደሙ ሞልቶ የሚፈስ ቢመስለው ምን ይደንቃል? ስንቱ በዚህች ቃል ምክንያት ምግብ ቀንሶ ከስቷል፤ ስንቱስ ሲሯሯጥ የሚውለውን ሰው አይቶ "ይሄማ ደም አልበዛበትም" ብሎ ፈርዷል።

"ጋሼ፣ የኪስዎ ጌጅ የሚለካው የውሃውን ብዛት ነው?" አለች ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

"ምን በወጣት! ግፊቱን ነው እንጂ። ትንሽ ውሃም ቢሆን ቱቦው ከጠበበና ፓምፑ ከገፋ ግፊቱ ሰማይ ይነካል።"

"የእርስዎም ነገር ይኸው ነው። ደምዎ ልክ እንደ እኔ ደም ነው፤ አንዲት ማንኪያ አልበዛም። የበዛው ግፊቱ ነው። ግፊቱ ዓመት ሙሉ ሲደበድበው ደግሞ የሚጎዳው ቱቦው ነው። የአንጎል፣ የልብ፣ የዓይን፣ የኩላሊት ቱቦ።"

ጋሽ ጌጅ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። በግፊት ብዛት የተተረተረ ቱቦ ስንት ጊዜ በእጁ ቀይሯል! ግን ወዲያው እጅ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

"እሺ ግፊት ነው እንበል። ክኒኑን እየዋጥኩ አይደል? አምስት ዓይነት ክኒን! አላመኑኝም መሰለኝ፣ ሆስፒታል አስተኝተው አምስት ቀን በእጃቸው አጎረሱኝ። መቶ ሰማንያ ስድስት! ወይ ፍንክች! ክኒን ያላወረደውን ነገር በምን ሊያወርዱት ነው?"

"ያስተኙዎት ስላላመኑ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ በትክክል እየተወሰደ ግፊቱ አለመውረዱን፣ ሌላ የተደበቀ በሽታም አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ለዚህ ሕክምና ሰው አይመርጡም። ይሄ ለሁሉም ሰው የሚደረግ ነገር አይደለም። በክኒንና ጨው በመቀነስ የሚስተካከል ሰው በክኒኑ ይኖራል።"

"ነርቭስ? ነርቭ ማለት የሰው ጠባይ አይደል እንዴ? እገሌ ነርቩ ተነካ ሲባል አበደ ማለት ነው። የኔን ሲያቃጥሉት ቁጭ ብዬ ልስቅ ወይስ ልብሴን ጥዬ ልሮጥ?"

"እኛ ሰው ሲናደድ ነርቩ ተነካ ማለት ስለለመድን ነው። ነርቭ ማለት በሰውነት ውስጥ መልእክት የሚያመላልስ ክር ነው። እጅዎ የሚንቀሳቀሰው፣ ትኩስ ነገር የሚያቃጥልዎት በሱ ነው። የሚቃጠሉት እነዚህኞቹ ደግሞ ከአንጎልዎ ጋር ኩላሊትዎን የሚያነጋግሩ ናቸው። ጠባይዎ ጋ አይደርሱም። ቢደርሱማ ኖሮ" አለች ፈገግ ብላ፣ "እማማ በዚያው ግትርነቱንም አቃጥሉልኝ ብለው ይመጡ ነበር።"

እማማ ያለቻት የጋሽ ጌጅን ባለቤት ነው። ጋሽ ጌጅ ለባለቤቱ ስለ ወረቀቱ ትንፍሽ አላለም፤ ስለዚህ ቀልዱን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

"ኩላሊቴስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ወጣ ገባ ሲሉ አንዱን ይዘውብኝ ቢሄዱስ? ይባላል እኮ!"

"ኧረ ጋሼ! ኩላሊቱን ማንም አይነካውም፤ ሆድም አይቀደድም። ብሽሽትዎ ላይ በመርፌ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። በዚያ ቀጭን ቱቦ ይገባና በደም ስርዎ ውስጥ እየተገፋ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ስር ጋ ይቆማል። ነርቮቹ ያሉት በዚያ ደም ስር ዙሪያ ነው፤ ከውጪ ተጠምጥመውበታል። ከቱቦው ጫፍ ልኩ የታወቀ ሙቀት ይለቀቅና ነርቮቹ ይቃጠላሉ። ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። ሕመሙ እንዳይሰማዎ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጥዎታል፤ ብዙው ሰው በማግስቱ ቤቱ ይገባል።"

ጋሽ ጌጅ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። የሰውዬውን ነገር ልንገራችሁ፤ ስለ ሕመሙ ሲያወሩት ይሸሻል፣ ስለ ቱቦ ሲያወሩት ግን ምሳውን ይረሳል።

"ቆይ፣ ቆይ። ከቱቦው ውስጥ ሆነሽ ከቱቦው ውጪ ያለውን ሽቦ ታቃጥያለሽ ነው የምትይኝ? ታዲያ ቱቦው ራሱ አይቃጠልም?"

"ይሄን ሐኪሞቹም ብዙ ተጨንቀውበታል። ደሙ እየፈሰሰ ስለሆነ የውስጡን ግድግዳ ያቀዘቅዘዋል። ሙቀቱ ሥራውን የሚሠራው ከግድግዳው ወዲያ ነው።"

"ኧረ ልክ ነሽ!" ብሎ ጭኑን መታ። "ውሃ የሚሄድበት ቱቦ እኮ በእሳት ብትለበልቢው አይግልም! ስንቴ ለመበየድ ብዬ ቫልቭ ሳልዘጋ ስታገል ውያለሁ። አንተም ታስታውሳለህ" አለው ጥሩምባውን።

"ዝጋው" አለ ጥሩምባው ራሱን እየነቀነቀ።

"ግን እኔ ሽቦ ስቆርጥ በዓይኔ አይቼ ነው። እነሱ በኔ ውስጥ ምን ያያሉ?"

"በራጅ ማሽን እያዩ ነው የሚሠሩት። ደም ስርዎ በቀለም ተሞልቶ ትልቅ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ቅርንጫፉ ሳይቀር።"

"እሺ፣ እዚህ ድረስ ተግባባን። አሁን ግን ያዝኩሽ!" ጣቱን ቀሰረባት። "ዛሬ የዚህን ሕንፃ ሽቦ ቆርጫለሁ። ፓምፑ ጸጥ ብሏል። ግን አዲስ ሽቦ እስክዘረጋ ሰው በእጁ ካላበራው ነገ ጠዋት ሕንፃው ውሃ የለውም። የኔንም ሽቦ ሲቆርጡት ኩላሊቴ ሥራ ቢያቆምስ? እሱን ማን በእጁ ያበራዋል?"

ይህ የሞኝ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ነርሷም አልሳቀችም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ለመታከም ግማሽ መንገድ እንደመጣ በሥራዋ ታውቀዋለች።

"ኩላሊት የሚያጣራው ደም ስለሚደርሰው ነው፤ ነርቩ ትእዛዝ ያበዛበታል እንጂ ሥራውን አይሠራለትም። ማስረጃ ልስጥዎት። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰምተው ያውቃሉ?"

"አዎ፣ የጎረቤታችን እህት። ወንድሟ ነው የሰጣት።"

"ያ ኩላሊት ከወንድሟ ሲወጣ ነርቩ ሁሉ ተቆርጦ ነው። ሐኪም ደም ስሩን ይቀጥላል እንጂ ነርቩን አይቀጥለውም። ሴትየዋ ዛሬ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት... ስምንት ዓመቷ ነው። ገበያ ስትሄድ አያታለሁ።"

"ያለ ሽቦ ማለት ነው" አለች ነርሷ።

ጋሽ ጌጅ ሻይውን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም፤ ዝም ብሎ ነው የሚያማስለው።

"የኔ ችግር ሽቦው መሆኑን በምን አወቁ ግን?"

"ቅድም ሻይ ሳፈላ ዘበኛው ብቅ ብሎ ደረጃው ላይ ያሉትን ሲነግረኝ ነበር። ልድገመው? 'ፓምፑ ምን አጠፋ? የሚዋሸው ሽቦው ነው' ብለውታል። እርስዎም ጋ እንደዚያ ነው ጋሼ። አንጎልዎ በነዚያ ነርቮች ኩላሊትዎን 'ጨው ያዝ፣ ውሃ ያዝ፣ ደም ስር አጥብቅ' ይለዋል፤ ኩላሊትዎም መልሶ 'ጨምር!' ይላል። ለጤነኛ ሰው ይሄ በችግር ጊዜ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ታንከሩ ሞልቶ እየፈሰሰም ጩኸቱ አያቆምም። ሐኪሞቹ አምስት ጊዜ ክኒን ቀየሩ፣ ጨመሩ። ፓምፑን ሲቀይሩ ኖረዋል ማለት ነው።"

ጋሽ ጌጅ በገዛ ንግግሩ መያዙ ገባው። ቀጥሎ ግን ያገሩ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀ፦ "ዋስትና አለው?"

"የለውም።"

"እንዴት?"

"አንዳንድ ሰው ላይ ጥሩ አድርጎ ያወርደዋል፤ አንዳንዱ ላይ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ማን ላይ እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ከባድ ነው። ደግሞ በማግስቱ አይወርድም፤ ሳምንታት፣ ወራት ይፈልጋል። ክኒኑም አይቀርም፤ ቢቀንስ ነው። ብሽሽትዎ ሊያብጥ፣ ሊደማ ይችላል። አልፎ አልፎም ደም ስሩ ሊጎዳ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው። ይሄን ሳልነግርዎት ብልክዎት በደልኩዎት።"

ጋሽ ጌጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደላድሎ ተቀመጠ። እሱም ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለደንበኛ "ሁለተኛ አይፈስም" ብሎ አያውቅም። "ሁለተኛ አይፈስም" የሚል ሠራተኛ ካየ መሣሪያውን እንኳ አያውሰውም። ይህች ልጅ የሥራ ሰው ናት፤ አምኗታል። ምክንያቱ ሁሉ አለቀበት። ሆኖም "እንግዲህ እናያለን" ብሎ ተነሳ።

ልቡ ግን ለመታከም አልተነሳም! አንባቢም ልብ ይበል፤ ሰው አንዳንዴ የሚከራከረው ያልገባው ነገር ስላለ አይደለም። የፈራውን ነገር ላለመጥራት ነው። ነርሷ ስታየው ቆይታለች። ሻይውን ያነሳው በግራ እጁ ነው፤ ጣቱን የቀሰረባትም፣ ጭኑን የመታውም በግራው ነው። ይህ ሰው ደግሞ ልጅ ሆና ስታውቀው ሁሉን በቀኙ የሚሠራ ነበር።

"ጋሼ፣ ቀኝ እጅዎ ምን ሆነ?"

"ምን ይሆናል? ደህና ነው።"

"ይጨብጡኝ እስቲ።"

ጨበጣት። ጠንካራ ነው። ግን ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ። ከዚያ ቁጭ አለ።

"ሁለት ሳምንት ይሆነዋል" አለ። "ጣሪያ ላይ ነበርኩ። መፍቻውን እንደያዝኩ እጄ የኔ አልሆን አለ። ጠፋ። አየዋለሁ፣ አይሰማኝም። መፍቻው ወደቀና አራት ፎቅ ወርዶ ከታች የአበባ ማሰሮ ሰበረ። ሰው ቢኖርስ ኖሮ! ሩብ ሰዓት ታንከሩን ተደግፌ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ተመለሰልኝ። አዳልጦኝ ነው አልኳቸው። ለባለቤቴም አልተናገርኩም። ለማንም።"

የነርሷ ፊት ተለወጠ።

"ከአባባ እጅ መጀመሪያ የወደቀው ማበጠሪያ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ። 'አዳልጦኝ ነው' አለን። እንደ እርስዎ ሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ እጁ ተመለሰለት። ሳቅን። ነርስ ሆኜ ሳቅኩ! በአሥራ አንደኛው ቀን ራሱ ወደቀ። ያ ማስጠንቀቂያ ነው ጋሼ፤ የአንጎል ደም ስር ለትንሽ ጊዜ ተዘግቶ ሲከፈት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ሐሙስን አይጠብቅም። ነገንም አይጠብቅም። በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል መግባት ነበረብዎት።"

ጋሽ ጌጅ ወደ ጥሩምባው ዞረ። ጥሩምባው እያየው ነው። ግማሽ ፊቱ ላይ ፈገግታው የለም። በደህናው እጁ የዊልቸሩን ጎማ አንዴ መታው።

"ዝጋው" አለ።

"ፈርቼህ ነው" አለው ጋሽ ጌጅ። "ሥራ በዝቶብኝ አይደለም የቀረሁት። አንተን ባየሁ ቁጥር ራሴን ነበር የማየው። ቤቴ ስገባ ጣቶቼን እያንቀሳቀስኩ እቆጥር ነበር። ይቅር በለኝ ወንድሜ።"

"ዝጋው!" አለ ጥሩምባው፤ አሁን ጮክ ብሎ፣ ጎማውን እየደበደበ። "ዝጋው! ዝጋው!"

ቃሉ ያው አንዷ ቃል ናት። ጋሽ ጌጅ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ከጣሪያ ስትመጣ ሲታዘዛት የኖረ ሰው ነው፤ ለሷ መልስ አለመስጠት አያውቅም።

"ዝጋው" ብሎ መለሰና ኮቱን አነሳ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ነርሷ ራሷ ሆስፒታል ወሰደችው። አስተኙት፣ አንጎሉን በማሽን አዩ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ጀመሩለት፤ ለባለቤቱም ተነገራት። ባለቤቱ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ከሳጥኑ ውስጥ ክኒኖቹን አውጥታ ብሎኖቹን ብቻ ተወችለት። የኩላሊቱ ሕክምናም ሐኪሞቹ ጊዜው ነው እስኪሉ ተጠብቆ ተደረገለት። ክፍሉ ውስጥ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖ "ቧንቧዬን አሳዩኝ" እያለ እንዳስቸገረ፣ ሐኪሙም ስክሪኑን እንዳዞረለት ነርሷ እስከ ዛሬ ታወራለች። "በጣም ጥሩ ዝርጋታ ነው" ብሎ ተኛ።

በሳምንቱ ሲለካ መቶ ሰባ ሁለት ነው። ጋሽ ጌጅ አኮረፈ። ነርሷም "ምን ብዬዎት ነበር?" አለችው። በወሩ መቶ ስልሳ ሆነ። ከሦስት ወር በኋላ መቶ ሠላሳ ስምንት አነበቡለት፤ እሱም "እስቲ ድገሙት" አለ። ደገሙት፤ ያው ነው። አምስቱ ክኒን ሦስት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ማጅራቱን ይዞት የሚነሳው ሕመም ለቀቀው፤ ደረጃ ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ መቆም ቀረ። የወጡን ጨው ባለቤቱ ቀንሳበታለች፤ ሲያጉረመርም "ሽቦ ተቆረጠ ብለህ ታንከሩን ልታጥለቀልቅ ነው?" ትለዋለች። እሱም አሁን በየሄደበት ሕንፃ ሰባኪ ሆኗል። አንድ ሰው "ደም ብዛት" ካለ ሥራውን ያቆማል። "ግፊት በል! ደምህ የት ይበዛል? ተለክተሃል? መቼ? ክኒንህን ትውጣለህ? እጅህ ደንዝዞ፣ አፍህ ተኮላትፎ ያውቃል? ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን እንዳትደብቅ፣ ሩጥ!" ይላል። መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከቴፍሎኑ አጠገብ የክንድ ግፊት መለኪያ ተቀምጧል። ዘበኛው የመጀመሪያው ተለኪ ነበር፤ መቶ ሃምሳ ስምንት ተገኘበትና እሱም ሕክምና ጀመረ። ለሱ አንድ ክኒን በቃው።

በአምስተኛው ወር ጋሽ ጌጅ ወደዚያ ሕንፃ የጣሪያውን ታንከር ሊቀይር መጣ። አሁን በየሳምንቱ ስለሚመጣ ቤቱን ያውቀዋል፤ ጥሩምባውን ወደ ክፍት መስኮቱ አስጠግቶት ወጣ። ነርሷ ተረኛ ሆና የለችም። ዘበኛው ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ዋናው ቫልቭ ጋ ቆሟል፤ ከላይ ሲባል እንዲዘጋ ታዟል። ጋሽ ጌጅ አሮጌውን ቱቦ በመፍቻ ሲፈታ ውሃው ፊቱ ላይ ተፈናጠረ።

"ዝጋው!" ብሎ ወደ ታች ጮኸ።

መልስ የለም። ዘበኛው ስልኩን እያየ ነበር።

"ዝጋው!" አለ እንደገና።

ከምድር ቤቱ መስኮት፣ አራቱን ፎቅ ሰንጥቆ የሚወጣ ድምፅ መጣ። ዘበኛው ስልኩን ሊጥል ደረሰ።

"ዝጋውውው!"

ዘበኛው ዘሎ ቫልቩን አዞረው። ውሃው ቀጥ አለ። ጋሽ ጌጅ ጣሪያው ላይ ረጥቦ፣ መፍቻውን በቀኝ እጁ ጨብጦ እንደቆመ ቀረ። ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሥራ ላይ ቃሉ ተጠርቶ መልሱ ከተሰማ። ጎንበስ ብሎ ድሮ ጥሩምባው ከላይ ሆኖ እንደሚያደርገው ጠየቀ።

"ተዘጋ ወይ?"

"ዝጋው!" አለ ጥሩምባው ከታች፤ እየሳቀ።

ተዘግቷል ማለቱ ነው።